የለቅሶው ድንኳን ቋሚ

ለባሌ ለቅሶ ከተተከለው ድንኳን አንዱ ቋሚ ቅጠል አወጣ። ከእድራችን የድንኳን ብረቶች አንዱ ጎድሎ ስለነበር፣ ድንኳን ተካዩ ይመር ከአጥራችን እርጥብ የቆርች ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ነው ያቆመው። ቆርች እንኳን ተተክሎ ተጥሎም ይበቅላል። ድንኳኑ ሲነሳ እሱን ትተውልኝ ሄዱ።

ክረምት ገብቶ ቅጠሉ ጥላ ለመጣል ሲበቃ፣ ባሌን ገረመውን ሥሩ ተቀምጦ አገኘሁት። ተገንዞበት የሄደውን ጋቢ ለብሷል።

«መጣህ?» አልኩት።

«ቅጠል ስላለ ነው። ሲረግፍ እሄዳለሁ፤ ሲያቆጠቁጥ እመለሳለሁ።»

ሽንኩርት እየላጥኩ የሰፈሩን ወሬ ሳወራው ከረምኩ። እሱም እንደ ዱሮው ግማሹን አይሰማም። ደስ ብሎኝ ነበር።

በበጋ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የገረመው ግራ እጅ ጠፋ። አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። ዛፉን ጠዋት ማታ በባልዲ አጠጣው ጀመር።

ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ በአጥር በኩል አዩኝ።

«ልጄ፣ ቆርች በበጋ ውሃ አይወድም። ይርገፍ፣ ተይው። ሥሩ እንደሆነ አይሞት።»

«ሰውዬው ይሄድብኛላ።»

ገረመውን አዩት፤ ሰላም አሉት። «ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው ገቡ።

ቅጠሉ መርገፉን አቆመ። የሰፈሩ ቆርች ሁሉ ራቁቱን ቀርቶ ቀይ አበባውን ሲያወጣ፣ የእኔ አረንጓዴ ነበር። እትዬ ዘርፌን ባየሁ ቁጥር ኮራ እል ነበር።

ገረመው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በረደኝ ደብሪቱ። ልሂድና ልምጣ።»

«ከሄደ ማን ተመልሷል?»

«እኔ» አለ።

እውነቱን ነው። ግን አላስቻለኝም፤ ባልዲውን ዛፉ ሥር ደፋሁት።

አንድ ቀን ግንዱን ከሥር ስነካው ጣቴ እንደ በሰበሰ ድንች ውስጥ ሰርጎ ገባ። ማጠጣቱን ያን ቀን አቆምኩ፤ ምን ዋጋ አለው። በማግስቱ ዛፉ ከነቅጠሉ ግድግዳው ላይ ወደቀ። ሥር የሚባል ነገር አልተረፈለትም። ቅጠሉ ስላልረገፈ ገረመው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

አጠገቡ ተንበረከኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። በጋውን ሙሉ ያጠጣሁት ውሃ ከአፉ ይወርድ ጀመር። ንጹሕ ነበር፣ ድምፅ አልነበረውም። ጋቢውን አራሰ፣ ግቢውን አቋረጠ፣ ደፉን አልፎ ወደ ቤት ገባ።