ከማይፈታ ሴል ላይ የተፈቱ ቡሎኖች

ፋብሪካው የሸጠው የመጀመሪያው የሃይድሮጅን ሴል አርጅቶ ከደንበኛ የተመለሰ ዕለት፣ መሐንዲሷ ሠራተኛውን ሁሉ ጠረጴዛዋ ዙሪያ ሰበሰበች። እንዲህ ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዕቃ ሌላው ፋብሪካም ይሠራል። የእሷ ግን ሲያረጅ በቡሎን መፍቻ ይፈታል፤ ውስጡ ያለው ፕላቲኒየም ተለቅሞ ለአዲሱ ይውላል። ለዚህች ነገር ስትል ዕድሜዋን ፈጅታለች። ማስቲሽ የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ ብላ ከስንቱ ጋር ተናንቃለች።

ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች። ያለ ችግር ወጡላት። ውስጡ ተደራርበው የታሰሩት ዝርግ ብረቶች ግን ንቅንቅ አላሉም። ካቻቢቴ በመሃላቸው ሰክታ ፈልቀቅ ብታደርግ፣ ፕላቲኒየም የተቀባው ስስ ሽፋን እንደ እርጥብ ወረቀት ተተለተለ። ጠርዙ ላይ ቢጫ ማስቲሽ ደርቋል።

ቀና ብላ የምርት ኃላፊውን አየችው። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እዚህ ያስገባችውም ራሷ ናት።

«በቡሎን ብቻ ሲታሰር ጋዝ ያፈስ ነበር እታለም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «እሱን እናስተካክል ብንል ጊዜ ይፈጃል። ትዕዛዙ ደግሞ አናታችን ላይ ወጥቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። ደግሞ ካንቺ በቀር ማን ይፈታዋል?»

ቡሎኖቹን ሰብስባ መዳፉ ላይ ዘረገፈችለት።

«እንግዲያው እነዚህንም አስቀሯቸው። ብረቱ በከንቱ አይባክን።»

ወንድሟ የምሯን መሰለው።

«እሱማ አይሆንም እታለም። ገዢው ቡሎኑን አይቶ ነው የሚገዛው።»