ከሞሞ ራስ በላይ

"ኡላሚላ፣ ውረጂ!"

እናቷ ኬሌራ ከጓዳው በር ላይ ሆና በሹክሹክታ ጮኸች። በሹክሹክታ መጮህ የሚችል ሰው በናሲኑ ከተማ ካለ እሷ ናት።

ኡላሚላ እጇን አወናጨፈች፤ ስልክ ላይ ነኝ ለማለት። ጆሮዋ ውስጥ ያለችው የሜልበርን ሴትዮ ስለ መብራት ሂሳቧ ማማረር ከጀመረች አስራ ሁለት ደቂቃ ሆኗታል።

"ሞሞ ከአውቶቡስ ወርደዋል፣ ዳገቱን እየወጡ ነው! ከዚያ ዙፋንሽ ላይ ውረጂልኝ!"

ዙፋን የተባለው የቢሮ ወንበር ነው። ጥቁር፣ ጀርባው መረብ፣ ወገብ ላይ ጉብ ያለ መደገፊያ ያለው። ዋጋው ስድስት መቶ አርባ ዶላር። ሱቁ ሰባት ቀን ሞክሪው ብሎ ነው የላከላት፤ ሰባተኛው ቀን ዛሬ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወይ ትከፍላለች፣ ወይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።

ቤቱ ውስጥ ሌላ ወንበር የለም ማለት አይደለም። አንድ አለ፣ ልብስ ይከመርበታል። ሰው የሚቀመጠው ምንጣፍ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰው ምንጣፍ ላይ ካለ ደግሞ የማንም ራስ ከሳቸው ራስ በላይ አይሆንም። በአጠገባቸው የሚያልፍ እንኳ እንደ ሸርጣን አጎንብሶ ነው የሚያልፈው። ሞሞ ኢኖኬ ደግሞ ተራ ትልቅ ሰው አይደሉም። የኬሌራ ታላቅ ወንድም፣ ለኡላሚላ ሞሞ፣ ማለትም አጎት፣ የጎሳው አለቃ፣ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ መዋጮ ሰብሳቢ ናቸው። ዛሬም የመጡት ለመዋጮው ነው።

ኡላሚላ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ወገቧ አያውቅም። የደንበኞችን ስልክ የሚቀበለው መሥሪያ ቤቷ የቢሮ ኪራይ በዛብኝ ብሎ ሁሉንም ኮምፒውተር አሸክሞ ወደየቤቱ ከሰደደ ወዲህ፣ አምስት ወር ሙሉ ኮምፒውተሯን የብስኩት ቆርቆሮ ላይ አስቀምጣ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የሰው ብሶት ስታዳምጥ ከረመች። መጀመሪያ ወገቧ ታመመ፣ ቀጥሎ ግራ እግሯ ደነዘዘ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ወይ ወንበር፣ ወይ ሥራ መልቀቅ፣ ወይ ምርኩዝ፤ የምትወጂውን ምረጪ" አለቻት። ሕመሙ ሲብስባት ሁለት ጊዜ የደንበኛ ጥሪ አቋርጣ ተነስታለች፣ ሁለት ጊዜም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሦስተኛው ስንብት ነው። ቤቱ የሚበላው ደግሞ በሷ ደመወዝ ብቻ ነው።

"ኧረ ቤቶች!"

ሞሞ ገቡ። በአንድ እጃቸው አንድ እስር ጎደሬ አንጠልጥለዋል። ኬሌራ ተንበርክካ መዳፏን በቀስታ አጨበጨበች፣ እንደ ወጉ። እሳቸው ጎደሬውን አስረከቧት፣ ምንጣፉ ላይ ተደላደሉ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

"ይቺ ከሰማይ ሆና ቁልቁል የምታየኝ ማናት? መልአክ ናት?"

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ናት…"

"ሥራው መሰላል ላይ ነው እንዴ?"

ኡላሚላ ፊቷ ቀላ። የጆሮ ማዳመጫዋን እንዳደረገች፣ ቀስ ብላ ከወንበሩ ወደ ጉልበቷ ተንሸራተተች። ግማሽ መንገድ ላይ ወገቧ እንደ ወጥመድ ቀጭ አለ።

"ዋይ!"

"ምን ሆንሽ?" አለች የሜልበርኗ ሴትዮ።

"ምንም አልሆንኩ እመቤቴ፣ ሂሳብዎን እያየሁ ነው።"

"አየሽ! እኔም ሳየው እንደዚያ ነው የጮህኩት።"

እንደምንም ሸኘቻት። የአስር ደቂቃ ዕረፍት ቁልፉን ተጫነችና በአራት እግሯ እንደቆመች ቀረች። ላብ ከአፍንጫዋ ጫፍ ምንጣፉ ላይ ጠብ አለ።

ሞሞ ቀልዳቸውን ተዉ። "ወገብ ነው?"

"አዎ ሞሞ።"

"የኔም ከጀልባ መጎተት በኋላ ሰው አልሆነም። እና ይሄ ነገር ነው የሚያድነው?"

መልስ ሳይጠብቁ ተነሡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ደገፍ። ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ። 

"አይ ልጄ፣" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ወንበር አይደለም፣ እጅ ነው። ደግፎ የያዘኝ የሰው እጅ ነው የሚመስለው።"

አንድ፣ ብላ ቆጠረች ኡላሚላ በልቧ። ኬሌራም ጎደሬውን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። ሞሞ አንድን ዕቃ አንዴ ካመሰገኑ ምንም አይደለም። ሁለቴ ካመሰገኑ ግን ቀጥሎ "እስቲ እሱን ለኔ" ይመጣል፤ ዘመድ ሲለምን ደግሞ እምቢ የሚባል ነገር የለም። የቤቱ ቬንቲሌተር ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ተመስግኖ ተመስግኖ ገጠር፣ ታይሌቩ፣ ሞሞ ቤት ገብቷል። ወንበሩ ከሄደ ስድስት መቶ አርባው የኡላሚላ ዕዳ፣ ምቾቱ የሞሞ ይሆናል።

"እንዴት ያለ ግሩም ወንበር ነው!" አሉ ሞሞ የእጅ መደገፊያውን እየዳበሱ።

ሁለት።

ኬሌራ አፏን ከፈተች። "ጋሼ፣ እርስዎን ደስ ካለዎትማ…"

ኡላሚላ አጨበጨበች። እንደ ወጉ፣ ሦስቴ፣ ተንበርክካ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ። ግን ከእናቷ ቀድማ።

"ሞሞ፣ የምለምንዎት ነገር አለኝ።"

"እ? ተናገሪ።"

"የተቀመጡበትን ወንበር ይስጡኝ።"

ኬሌራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎደሬው ወደቀ።

"የኔ መቼ ሆነና ነው የምትለምኚኝ?"

"ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር ሞሞ።"

ሞሞ አፈጠጡባት። ኡላሚላ ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሣችም፤ ብታነሣ ኖሮ ይቅርታ ብላ ሁሉንም ትሰጣቸው ነበር።

"ይቺን ልጅ ምላሷን ማን ሳለላት?" አሉ ወደ ኬሌራ ዞረው። "አንቺ ነሽ እንዳልል፣ አንቺማ ልትሰጪኝ ነበር።" የመደገፊያውን ጫፍ ለመጨረሻ ጊዜ ጨበጥ አድርገው ለቀቁት፣ እያቃሰቱም ምንጣፋቸው ላይ ተመለሱ። "ውሰጂው። የተለመነ ሰው ምን ያደርጋል።"

ከዚያ ከሸሚዛቸው ኪስ ደብተር አወጡ። "አሁን ወደ መጣሁበት። ይህ ቤት አራት መቶ።"

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። የሱቁ ሰውዬ ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት እስኪሞላ እንኳ አልታገሰም።

"እህት፣ መኪናው እዚያው ሰፈር ነው። ይምጣ ወይስ ትከፍያለሽ?"

ቤት ውስጥ ያለው ገንዘብ ስድስት መቶ ዘጠና ነው። አራት መቶው ለጣሪያው ቃል የተገባ። ኬሌራ ተጠግታ ክንዷን ያዘቻት።

"መልሺው ልጄ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስም ከነገንዘቡ ሲነበብ የት ልግባ? የእነ ሎሜ ቤት አራት መቶ ተብሎ፣ እኔ ስጠራ ሰው ሲንሾካሾክ?"

"እማ፣ እግሬ እምቢ ካለኝ በሚቀጥለው ዓመት የሚነበብ ነገር የለም።"

"እህት? አለሽ?"

ኡላሚላ ትንፋሿን ሳበች። "አለሁ። እከፍላለሁ፣ መኪናው አይምጣ።" ስልኩን ዘጋች። "ሞሞ፣ ሃምሳ ብለው ይጻፉ።"

"ሃምሳ?" እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። "ሃምሳ ብዬ ሳነብ ኋላ የተቀመጡት ይስቃሉ። የሚስቁት በኔ አይደለም፣ በእናትሽ ነው።"

ኬሌራ የወደቀውን ጎደሬ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር፤ ፊቷን ላለማሳየት።

"እንግዲያው በእማ ስም አይጻፉት፣" አለች ኡላሚላ። "በኔ ስም ይጻፉት።"

"ያላገባች ልጅ በስሟ ተነብቦላት አያውቅም።"

"አሁን ይነበብላት።"

ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ዕረፍቷ አልቋል። ኡላሚላ የወንበሩን ክንድ ይዛ ቀስ በቀስ ተነሣች።

"ቢያንስ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ!" አለች እናቷ፣ በዚያው የሹክሹክታ ጩኸት።

ኡላሚላ ተቀመጠች፣ ወገቧን ጉብታው ላይ አሳረፈች። ሞሞ ምንጣፉ ላይ እንዳሉ የደብተሩን አዲስ ገጽ ገለጡ። ቀና ብለው ሊያይዋት አልፈለጉም።

"ሙሉ ስምሽን በይ።"

ጥሪው እየጮኸ ነበር። ኡላሚላ እንዲጮህ ተወችውና፣ ስሟን ከነአባቷ፣ ሞሞ ጽፈው እስኪጨርሱ በዝግታ፣ ከላይ ሆና ነገረቻቸው።