ሊጡ የተኛበት አልጋ

ጎሚስታው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አፉ ላይ የቀረችው ቃል «እሺ» ናት። ደንበኛ ሂሳቡን ነገ አመጣለሁ ቢለው እሺ፣ ጎረቤት አይዞህ ቢለው እሺ፣ ልጁ ካልሲዬ ተቀደደ ብትለው እሺ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ትዕግስቱን አደነቀ። ውሎ ሲያድር ግን ሰውዬው እሺ የሚለው ሰምቶ እንዳልሆነ ገባቸው። ነገር በአንድ ጆሮው ይገባና በሌላው ይወጣል፤ መሀል ላይ የሚቀበለው የለም።

እሺ ያላለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመኝታ ቤቱ።

ሚስቱ ያን ቀን ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ብርድ ልብሱን ወደ ግርጌ ገፋ አድርጋ ነው የተነሳችው። ትራሱ ላይ ራሷ ያረፈበት ጎድጓዳ ቦታ ቀርቷል። «ስመለስ አነጥፈዋለሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እሱም አላነጠፈውም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቀለና ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ በሩን ገርበብ ያደርግና ከደጃፉ ላይ ሆኖ ያያል። ጎድጓዳው አለ። መልሶ ይቆልፍና ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድም ቀን እግሩን ወደ ውስጥ አላስገባም። ቀረብ ካለ የሆነ ነገር በንኖ የሚጠፋበት ይመስለዋል።

ታላቅ እህቱ በመጣች ቁጥር የምታነሳው ይህንኑ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ያን አንሶላ ስጠኝና አጥቤ ላምጣልህ። አቧራ በላው እኮ!»

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«ሶፋ ላይ ተጣጥፈህ ወገብህ ሊቆረጥ ነው። የአህያ ሥጋ አልጋ ሲሉት አመድ ያሉት ላንተ ነው።»

«አይሆንም አልኩ።»

«ለዓለሙ ሁሉ እሺ፣ ለእኔ ሲሆን አይሆንም!» አለችና ያመጣችውን ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «በል ይህን ልጆችህ ይጋግሩልህ። አንተማ ድስትና የመኪና ክሪክ አትለይም።»

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ማዘዝ ስለምትወድ እናቷ «አለቃ» ብላ ሰየመቻት። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያገኘው ሰው እግር ላይ ስለሚለጠፍ «ሙጫ» ተባለ። አክስታቸው ከሄደች በኋላ ሁለቱም ዱቄቱ ፊት ቆመው ሲንሾካሾኩ ቆዩና አለቃ ወደ አባቷ መጣች።

«አባ፣ ዳቦ እንጋግር?»

«እሺ።»

«እማዬ እንደምታደርገው?»

«እሺ።»

አለቃ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዱቄቱን በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ነፋች፣ ውሃውን ለብ አደረገች፣ ትንሿን ጣቷን ነክራ «ደህና ነው» አለች፤ እናቷ እንደምትለው፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ። ሙጫ ወንበር ላይ ቆሞ ማንኪያ ይዞ ይጠብቃል። በዚያ ቤት እርሾ መጨመር ከጥንት ጀምሮ የእሱ ሥልጣን ነው። እህቱ ጨው ፍለጋ ጀርባዋን ስታዞር አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨመረና ዝም ብሎ ማንኪያውን ላሰ። አባትየው አየው።

አለቃ ጨዉን ይዛ ተመለሰች። «አባ፣ እርሾውን ላስገባ?»

«እሺ» አለ። እሷም ሌላ ማንኪያ ሙሉ ጨመረች። ይህንንም አየ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

«በል አባ፣ አንተ አቡካ፤ እኔ ጉልበት የለኝም። ቆይ፣ ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«ጥፍርህስ? ወይ ጉድ! ይሄን ጥፍር ይዘህ ነው?»

እንደገና ታጠበ። ሊጡን እንደ ሥራ አቦካው፤ ገፋ፣ አጠፈ፣ አዞረ። እጁ ውስጥ እየለሰለሰ ሲሄድ ምንም አልተሰማውም። ሲበቃ አለቃ አስቆመችውና ሳህኑን በጨርቅ ሸፈነች።

ወጥ ቤታቸው ሲሚንቶ ነው፣ ይቀዘቅዛል። እናታቸው ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። ሊጡን አልጋ ላይ ታስተኛዋለች። ሳህኑን ትራሱ አጠገብ ታስደግፍና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ አልብሳው፣ «ሊጥ እንደ ልጅ ነው፤ ካልሞቀው አያድግም» ትላለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። ልጆቹ በጣታቸው ጫፍ እየሄዱ «ተነሳ?» «አልተነሳም» ይባባላሉ።

«አባ፣ እንደ ድሮው እናስተኛው?» አለች አለቃ።

ስልኩ ጮኸ። አንድ ባለታክሲ ጎማ ተንፍሶበት ሱቁ ደጃፍ ቆሟል።

«እሺ» አለና ወጣ።

ሱቁ ከቤቱ ማዶ ነው። ጎማውን ፈታ፣ የውስጡን ጎማ አውጥቶ ነፋና ገንዳው ውስጥ ደፈቀው። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈለገ። ባለታክሲው ዝም የሚል ሰው አይደለም።

«ልጆቹስ እንዴት ናቸው?»

«እሺ።»

«እሺ ምንድን ነው? ደህና ናቸው ወይስ ታመዋል?»

ጎሚስታው ቀና አለ። «ዳቦ እየጋገሩ ነው።»

«ማን ጋ? ለብቻቸው? እሳት ሊለኩሱብህ ነው እንዴ ሰውዬ!»

«እሳት የለም። ሊጡ ገና ነው። ተኝ—»

ቃሉ አፉ ላይ ቆመ። የልጅቱ ጥያቄ ጆሮው ውስጥ የሆነ ጥግ ተቀምጦ ኖሯል፤ አሁን ነው የደረሰው። እንደ ድሮው እናስተኛው። ከገንዳው ውስጥ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጎማውን ለቀቀና መንገዱን ሮጦ ተሻገረ።

«ኧረ ጎማዬ!» አለ ባለታክሲው ከኋላው።

ምስማሩ ላይ ቁልፍ የለም። የመኝታ ቤቱ በር ተከፍቷል። ልጆቹ አልጋው አጠገብ ቆመው ሲያዩት ሁለቱም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«እሽሽ! ተኝቷል» አለ ሙጫ።

ሊጡ ግን አልተኛም። ሁለት ማንኪያ እርሾ ጠጥቶ፣ ጨርቁን በራሱ ገፍቶ፣ ከሳህኑ ከንፈር ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ትራሱ ፈሷል። ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ሞልቶታል። እዚያ ቦታ ላይ ነጭ፣ ክብ፣ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ነገር ተጋድሟል።

«ማነው የፈቀደላችሁ?»

«አንተ ነህ» አለች አለቃ። ድምጿ ቀጠነ።

«መቼ?»

«እንደ ድሮው እናስተኛው ስልህ እሺ አልክ። እሺ አላልክም?»

ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀ። ሊመጣ እንደሚገባው ያውቃል፤ ቦታም ለቆለታል። አልመጣም። ለቅሶም አልመጣም። ልጅቱ ግን ዱቄት የነካው እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሙጫ ሱሪውን ጎተተው። «አባ፣ ቀስቅሰው እንጂ። ብዙ ተኛ።»

«አንተ ቀስቅሰው።»

«እኔ አይደለሁም የምቀሰቅሰው! እማዬ ናት። አሁን አንተ ነህ።»

ገባ። አቧራው ላይ የልጆቹ ትናንሽ ዱካዎች ነበሩ፣ የእሱ ዱካ ከጎናቸው ታተመ። ጎንበስ ብሎ ሊጡን በሁለት መዳፉ ከትራሱ ላይ ሰበሰበው። እየተሳበ፣ እየተለጠጠ ተነሳለት፤ ትራሱም አብሮ ቀና አለና ጎድጓዳው ጠፋ። ከስር ያለው ጨርቅ ለብ ያለ ነበር። እጁን እዚያው ላይ አቆየው፤ ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ፣ እስኪቀዘቅዝ።

ልጆቹ አሁንም ይጠብቃሉ። ሚስቱ ሊጡን ስትቀሰቅስ የምትለውን ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ከሳሎን ሆኖ ሰምቶታል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዴት አደርክ፣ ሰውዬው» አለ ሊጡን ቸብ አድርጎ። «ረፈደብህ።»

ሙጫ ሳቀ። አለቃ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ጠንከር አድርገህ ነው የምትመታው» አለች።

ወፍራሙ ድስት ውስጥ፣ በትንሽ እሳት፣ ክዳኑን ገጥመው ጋገሩት። ታቹ አረረ። ሲቆርሱት ውስጡ በሙሉ ቀዳዳ ሆነ።

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ!» አለ ሙጫ። «አባ፣ ለጥፈው!»

«የሚለጠፍ አይደለም። ጎማው ይቀየር።» ይህን ያለው እሱ መሆኑን ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት ነው ያወቀው። ቁራሹን አኘከ። ጨው አንሶታል። ምግብ ጨው ያንሰው ይብዛው ካወቀ ቆይቷል።

ባለታክሲው በር ላይ መጥቶ ሲጮህ አንድ ቁራሽ ተሰጠውና ዝም አለ። ጎሚስታው ሄዶ ጎማውን ጨርሶ ተመለሰ።

ከዚያ ትራሱ ቀረ። ሊጡ እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ ነው፤ ካልታጠበ አይሆንም። ጨርቁን ገፈፈው፣ አንሶላውንም አነሳ። ከመዘፍዘፉ በፊት ዞር ብሎ ልጆቹ እንደማያዩት አረጋገጠና ፊቱን ጨርቁ ውስጥ ቀበረ።

እርሾ ሸተተው። እርሾ ብቻ።

ከዚህ በፊት ምን ይሸት እንደነበር አያውቅም። ቀርቦ አያውቅማ። የእሷ ጠረን እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያ ቆይቶ እንደሆነ፣ ወይም ገና በሩን የቆለፈ ሰሞን ጠፍቶ እንደሆነ፣ አሁን የሚነግረው የለም። ሳሙና ጨመረና ማሸት ጀመረ። ውሃው ነጣ፤ ደፍቶ ሌላ ቀዳ።

አንሶላውን አስጥቶ ሲመለስ ልጆቹ ራቁቱን የቀረው ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ሙጫ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

«አባ፣ ዛሬ እዚህ እንተኛ? ሦስታችንም?» አለች አለቃ።

እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው፤ ልጅቱን አያት፣ ፍራሹንም አየ።

«ያለ አንሶላ አይሆንም» አለ። «ይበርዳችኋል። ሌላ አንሶላ የት ነው ያለው?»

«አታውቅም?»

«አላውቅም።»

አለቃ ተነስታ የቁም ሳጥኑን ታችኛውን መሳቢያ ጎተተች። ታጥፎ የተቀመጠውን አውጥታ አንዱን ጫፍ ወረወረችለት።

«ያንን ጥግ ያዝ። ሙጫ፣ ውረድ! አባ፣ ሳብ። እንደዚያ አይደለም፣ ጠበቅ አድርገህ።»

ጠበቅ አድርጎ ሳበ።