ራዳሩ የቆመበት አውድማ

እህቴ ውዴ ባሏ ይሙት ይኑር ሳታውቅ አረጀች። ነገሩ ረጅም ነው፤ ግን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ከቤታችን በላይ ጥቁር አፋፍ ከምንለው ተራራ ላይ ወታደር መጥቶ ሰፈረ። ራዳር ተከሉ። እኛ የስማዳ ገበሬዎች ራዳር ምን እንደሆነ የት እናውቃለን! ትልቅ የብረት ወንፊት የመሰለ ነገር ቀን ከሌት ይዞራል። አውሮፕላን ከሩቅ ያያል ተባለ። አንድ ክረምት ዝናብ ሲዘገይብን ሰዉ ሁሉ "ያ ብረት ደመናችንን እያዞረ ለጎረቤታችን ለእስቴ ሰጠብን" ብሎ ተነሣ። ሽማግሌ ተመረጠና "እባካችሁ በሐምሌ እንኳ አቁሙልን" ብሎ ለመነ። ልመናውን ሊሰማ የወረደው ወታደር ተክለ ሃይማኖት ይባላል፤ ከሸዋ፣ ከሶዶ የመጣ፣ ረዘም ያለ፣ አንደበተ ጨዋ ልጅ ነው። አልሳቀብንም። "ለአለቃዬ እነግራለሁ" ብሎ ወጣ። ብረቱ መዞሩን አላቆመም፤ ዝናቡ ግን በዚያው ሰሞን መጣ፣ የመንደሩም ሴቶች ልጁን መረቁት። ውዴም መረቀችው። ከምርቃቱ እስከ ሰማንያው ብዙ አልራቀም።

ትዳራቸው ዓመት ቢሞላ ነው። ትዳር ስላችሁ፣ ፈቃድ ሲያገኝ ይወርዳል፣ አድሮ ይወጣል። እሷ ግን አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም፤ አጥር አለ፣ ከወታደር በቀር አይገባም። ከደጇ ቆማ ቀና ትልና "ይዞራል፣ ደህና ነው" ትላለች። ኋላ ጦርነቱ ወደ እኛ ገፋ። አንድ ጠዋት ስንነሣ ብረቱ ቆሟል። ወታደሮቹ የሉም። ተክለ ሃይማኖትም አልወረደም።

ያየ አልነበረም፤ የሚያወራ ግን ሞላ። አንዱ "እዚያው ተመትቶ እዚያው ተቀበረ" ይላል። ሌላው "እግሬ አውጪኝ ብሏል፣ አገሩ ገብቶ ሌላ አግብቷል" ይላል። ውዴ ልውጣና ልየው ስትል ፈንጂ አለ ተብላ ተከለከለች። ፈንጂው ከተነሣ በኋላ ደግሞ ራሷ እምቢ አለች። ወንድሟ ነኝና ልቧን አውቀዋለሁ፦ ሞቶ ከሆነ ባሏ ነው፤ በሕይወት ካለ ግን ትቷት የሄደ ሰው ነው። ወጥታ የትኛውን እንደምታገኝ ፈራች።

የንስሐ አባታችን ቄስ ይስማው እስካሁን በጸሎታቸው ስሙን ከሕያዋን ጋር ሲጠሩላት ኖሩ። ዘንድሮ ታመመችና ተሻላት፤ ያን ጊዜ ነው ሐሳቧ የተለወጠ።

"አባ፣ እኔም መሄዴ ነው። ተዝካሩን ሳላወጣለት ብሞት ማን ያስበዋል? ከሙታን ጋር ይጥሩልኝ" አለቻቸው።

"ልጄ፣ ምናልባት ቁጭ ብሎ ምሳውን በሚበላ ሰው ላይ ፍትሐት ልፍታ? ይከብደኛል። አንድ ምልክት፣ አንድ ያየ ሰው አምጪልኝ" አሏት።

እንግዲህ በታኅሣሥ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ሁለት ሽማግሎች በትር ተመርኩዘን ጥቁር አፋፍን ወጣን።

"ማሩ፣ እንደ እርጉዝ በቅሎ ታለከልካለህ" አለችኝ ዳገቱ መካከል።

"አንቺስ? ደረትሽ እንደ ወናፍ ይጮኻል።"

"የኔ የበሽታ ነው። ያንተ የጠላ ነው።"

ከላይ ስንደርስ ቀልዷ ቆመ። አጥሩ የለም፤ ሽቦው ዛሬ የስንቱ ማሳ ማጠሪያ ሆኗል። የአሸዋ ከረጢቱ ምሽግ አፈር ሆኖ ሣር በቅሎበታል። አንድ የዛገ መኪና ጎማውን አጥቶ በሆዱ ተኝቷል፤ በመሪው መካከል እሬት በቅሎ ወጥቷል። የሲሚንቶው ቤት ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ግን የለም። የማን ቤት ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተዉት።

ውዴ በግድግዳው ላይ እጇን እያስኬደች ከክፍል ክፍል ዞረች። ዐይነ ስውር ቤቱን የሚያውቀው እንዲህ ነው።

"የት ይሆን ይተኛ የነበረው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እቴ።"

"እዚህ ነው። ይሄ ንፋስ አያገኘውም። ብርድ አይችልም ነበር" አለች። ጥጉ ላይ ቁጢጥ ብላ መሬቱን በመዳፏ ደባበሰችው፤ የፍየል በጠጥ ነበረበት፣ ጠረገችው። ከዚያ ተነሥታ በባዶው መስኮት ቁልቁል ስታይ ድንገት ጮኸች።

"ና! ማሩ ና! ቤቴ!"

እውነትም የሷ ጎጆ ነው፣ ከነጭሱ፣ ከነግራሩ። ከዚያ ሁሉ አገር መካከል መስኮቱ ፊት ለፊት የሚያየው እሱን ነው።

"እኔ እዚያ ሆኜ ቀና ስል፣ እሱ እዚህ ሆኖ ቁልቁል ያየኝ ነበር" አለች።

ከቤቱ ጀርባ የሰው ድምፅ ሰማን። "ሃ! ሃ! ዙር!" ይላል። ዞረን ብናይ፣ ያ ብረት ይዞርበት የነበረው ክብ ሲሚንቶ አውድማ ሆኗል! አንድ ሽማግሌ በሬዎቹን እያዞረ ገብሱን ያበራያል። ልጆቼ፣ እኛ አውድማ ስናበጅ መሬቱን ደልድለን፣ በእበት ለቅልቀን፣ ስንት እንለፋለን። እሱ የመንግሥት ሲሚንቶ አግኝቷል፤ ነፋሱም ከአራቱም ማዕዘን ይመጣለታል።

ይሁኔ ይባላሉ፤ ከተራራው ወዲያ፣ ከእስቴ በኩል ናቸው። ገበያችንም ቤተ ክርስቲያናችንም ሌላ ስለሆነ ተያይተን አናውቅም። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ሴት አውድማ አትገባምና ውዴ እንደ ደንቡ ከዳር ቆመች።

"በረከት ይግባበት።"

"አሜን፣ ይግባ።" እፍኝ ገብስ ሰጡኝ።

"እዚህ የነበሩትን ወታደሮች ያውቁ ነበር?"

"እንዴት አላውቅ! ወተት የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ።"

"ተክለ ሃይማኖት የሚባል..."

ውዴ አላስጨረሰችኝም። ከዳር ሆና "ሞቶ ነው? የት ቀበሩት?" ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው መንሹን ጥለው አማተቡ። "በስመ አብ! ምርቱ ሳይነሣ! ሴትዮ፣ አውድማ ላይ የሙት ነገር አይነሣም፣ በረከት ይሸሻል። ዝም በይ! ስጨርስ እነግርሻለሁ።" ጀርባቸውን ሰጥተውን በሬዎቹን ነዱ።

ወደ እሷ ተመለስኩ።

"ሰማኸው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"በሕይወት ቢኖር 'አልሞተም' ለማለት ምን ያግዳቸዋል? የሙት ነገር ነው አሉ እኮ።"

ነጠላዋን አወረደችና እንደ ለቅሶተኛ ወገቧ ላይ ታጠቀችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ፈካ። እንዲህ ፈክታ ያየኋት በሠርጓ ነው። "እዚህ ነበረ። ትቶኝ አልሄደም። እነ እንትና ሲያሙኝ የኖሩት..." አለችና አቋረጠች። ከዚያ ስለ ተዝካሩ አወራችኝ፤ ማን ጠላውን እንደሚጠምቅ፣ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም የትኛው መሪጌታ እንደሚጠራ። ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ እንደ ሙሽራ ስትደግስ ዋለች። እኔም አመንኳት፤ አብሬያት ደገስኩ።

ይሁኔ ገብሱን በላይዳ ወደ ነፋስ አንሥተው፣ አጣርተው፣ ምርቱን በጆንያ ሞልተው አህያቸው ላይ ጫኑ። ጫማቸውን አጥልቀው መጥተው ከፊታችን ቁጭ አሉ።

"አሁን ጠይቂኝ፣ እቴ።"

"ምንም አልጠይቅዎ። መቃብሩን ብቻ ያሳዩኝ።"

"የማንን መቃብር?"

"የተክለ ሃይማኖትን።"

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። "እኔ መቼ ሞተ አልኩ? ሙት ጠርተሽ አስደነገጥሽኝ እንጂ! በእግሩ ነው የሄደ።"

ውዴ የነጠላዋን ቋጠሮ ያዘች። እሳቸው ቀጠሉ፦ "ጎህ ሲቀድ ሌሎቹ ተበተኑ። እሱ እኔ ቤት መጣ። የወታደር ልብሱን አውልቆ ቁምጣዬንና ጋቢዬን ለበሰ፣ እናቴ ቆሎ ቋጠረችለት። ሚስት እንዳለችው ነግሮኝ ነበር፤ ማን እንደሆነች ግን አልነገረኝም። 'አትሰናበታትም ወይ?' ስለው ቀና ብሎ መስኮቱ ወዳለበት ወደዚህ አፋፍ አየና 'ወደ እሷ ከወረድኩ አልወጣም' አለኝ። በእስቴ በኩል ወደ ዓባይ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።"

"እስካሁን ምነው ዝም አሉ?" አልኳቸው፣ ተቆጥቼ።

"መጀመሪያ ወታደር ሸሸግህ እንዳልባል ነው። ኋላ ደግሞ ማን ጠየቀኝ?"

ውዴ የታጠቀችውን ነጠላ ቀስ ብላ ፈታችው። አራገፈችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቆሎውንም ጋቢውንም" አለቻቸው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊት ከፊቴ ትፈጥን ነበር፤ ፈራሁላት። ገደላ ገደሉን አልፈን ሜዳው ጋ ስንደርስ ነው የጀመራት።

"ከወረድኩ አልወጣም ይላል? ምነው፣ ማን አስሮ ሊያስቀረው?"

"እቴ..."

"አንተ ዝም በል! አንድ ቃል መላክ ያቅተዋል? ከሶዶ እስከኛ ገበያ እስከ ወገዳ ነጋዴ የለም? በሰው ጋቢ! ደግሞ ብርድ አይችልም፣ የደጋውን ውርጭ በአንድ ጋቢ..." እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም፣ እያለቀሰች ትሰድበዋለች፣ እየሰደበች ታለቅሳለች። ከሜዳው እስከ ደጇ ያልወረደበት ስድብ አልነበረም። ያን ያህል ዘመን አንድም ክፉ ቃል ስለሱ ሲወጣት አልሰማሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ይስማው ጠሯት። "እህ ልጄ፣ ምልክት አገኘሽ?"

"አባ፣ ሙት ወቃሽ ላለመሆን ነበር እስከዛሬ አፌን የያዝኩት። ሰሞኑን ስወቅሰው ሰነበትኩ፤ ገና አልወጣልኝም" አለችና መስቀላቸውን ተሳለመች። "ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ። ጮክ ብለው ይጥሩት፣ ምናልባት ይሰማ እንደሆነ።"