የዶክተር ኃይለየሱስ ግማሽ ምላስ

ዶክተር ኃይለየሱስ ድሬ ዳዋ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ተማሪዎችን በተግባር ያስተምራል። እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ እጁ አለማረፉ ነው። ተማሪ ገና መሣሪያ ከማንሳቱ «አምጣው፣ እኔ ላሳይህ» ይልና ይነጥቀዋል፤ ከዚያ በሽተኛው ላይ ድፍት ይላል። ተማሪዎቹ ከኋላው ቆመው ጀርባውን ያያሉ። ዓመቱ ሲጋመስ የአንድ በሽተኛ መንጋጋ በቅጡ ያላዩ ልጆች፣ የመምህራቸው ጋውን የት የት እንደተተረተረ በቃላቸው ያውቁ ነበር።

ከሁሉም የባሰባት ኑሀሚን ናት። የማደንዘዣ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም መንቀጥቀጡን ሲያይ ይነጥቃታል። በመጨረሻ እሱም ሰለቸው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ራሱ ወንበሩ ላይ ተጋደመና «በኔ ተለማመጂ» አላት።

ኑሀሚን መርፌውን አስገባች። ዶክተሩ አፉን ከፍቶ ስለነበር «አምጪው» ሊል አልቻለም፤ ያለው ነገር «አአአ» ብቻ ነው። እሷም «ቀጥዪ» ያላት መስሏት ቀጠለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግማሽ ከንፈሩና ግማሽ ምላሱ ከድተውት ሄዱ።

በዚህ መሀል ኪንሲ በቀጠሮዋ መጣች። ታይዋን በሚባለው ገበያ ሽቶና ሻሽ የምትሸጥ፣ ሁሉም በአክብሮት «ኤዶ» የሚላት ትልቅ ሴት ናት፣ የመጣችውም የተበሳ መንጋጋዋን ልታስሞላ ነው። ዶክተሩ እንደ ልማዱ ኑሀሚንን ገፋ አድርጎ ቀረበና እጁን ዘረጋ።

«ድድ ስጪኝ» አላት ኑሀሚንን።

ጥጥ ማለቱ ነበር። ኪንሲ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋችና በእጇ ሸፈነችው።

«የማንን ድድ? ወላሂ የኔን አልሰጥም።»

«ድድ! ነጩን ድድ!» አለ ዶክተሩ። ከከንፈሩ ጫፍ ምራቅ ጋውኑ ላይ ጠብ አለ።

ኪንሲ ወደ ኑሀሚን ዘንበል አለች። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ በጠዋቱ ቅሟል እንዴ?»

«የለም ኤዶ ኪንሲ፣ እኔ ነኝ ያደነዘዝኳቸው።»

«አንቺ?» ኪንሲ የዶክተሩን የተንጋደደ ከንፈር አስተውላ አየች። «እንዲህ አድርገሽ? ጎበዝ ነሽ። በይ የኔንም አንቺ አደንዝዢ። አንተ ዶክተር፣ እዚያ ቁጭ በል፣ ምራቅህን ጥረግ።»

ዶክተሩ ተቃውሞ ጀመረ። ማንም ስላልገባው ተወውና በርጩማ ስቦ ከጎን ተቀመጠ።

ኑሀሚን መርፌውን ስታነሳ እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የሚነጥቃት ስላልነበረ መንቀጥቀጡ ራሱ ሰልችቶት ቆመ። ሥራውን ጀመረች። ሲጨንቃት ዞር ብላ «ዶክተር፣ የበሰበሰው አልቋል?» ትለዋለች፤ እሱ አላለቀም እንደማለት ራሱን ይነቀንቃል። «እንግዲያው እዚህ ጋ ልጨምር?» አዎ፣ ይላል በአገጩ። መልሱ ከዚያ ስለማይረዝም ምክንያቱን ራሷ ማሰብ ነበረባት። ሌሎቹ ተማሪዎችም አንገታቸውን አስግገው የበሽተኛን አፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

ሞልታ ስትጨርስ ኪንሲ ነከስ አድርጋ «ጠጠር ያለ ይመስለኛል» አለች። ዶክተሩ ሙሊቱ የት ጋ ከፍ እንዳለ ከርቀት ታይቶታል። ብድግ አለ፤ መልሶ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ከቂጡ ሥር ከተታቸው። ኑሀሚን ጥቂት አሰበች፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቀለም የሚተወውን ሰማያዊ ወረቀት አስነከሰቻትና ቀለም የያዘውን ቦታ ቀስ ብላ ሞረደችው።

«አሁን ጠፋ» አለች ኪንሲ። ስትወጣ ዶክተሩን ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጋ «አላህ ይማርህ» አለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተር ኃይለየሱስ ካፌው ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ሳምቡሳ በላ። ጣዕሙ ግማሽ በግማሽ ቢሆንም በደንብ አኝኮ በላ። ሲመለስ ኑሀሚን አየችውና ደነገጠች፤ የታችኛው ከንፈሩ እንደ ቲማቲም አብጧል።

«ዶክተር፣ ከሳምቡሳው ጋር ከንፈርዎንም ነክሰዋል።»

በመስታወት አየው። እውነቷን ነው።

«ለበሽተኛ የሚሰጠውን ምክር ልንገርዎት?» አለችው ኑሀሚን ፈራ ተባ እያለች። ይሄንን ምክር ሁልጊዜ የሚናገረው እሱ ነው፤ ተማሪ አስጨርሶ አያውቅም።

«ንገሪኝ» አለ በአገጩ።

ማደንዘዣው እስኪለቅ ምግብ እንዳይበላ፣ ትኩስ እንዳይጠጣ፣ ጉንጩን እንዳያኝክ፣ ላበጠው ቀዝቃዛ ነገር እንዲይዝበት ነገረችው። እሱም ከንፈሩ ላይ በረዶ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ስትጨርስም፣ አሁን አፉ እየተፈታ ስለነበር፣ «የጉንጩን ለምን ከበረዶው አስቀደምሽው?» ብሎ ጠየቃትና ራሱ ሳይመልስ መልሷን ይጠብቅ ጀመር።