ስለሺ ሲደውል

«ስልኩን ስጪኝ አልኩ እማዬ!»

«አልሰጥም። ለቀስተኛ ፊት አታዋርጂኝ።»

የሺ የሟች ባሏን ስልክ ከቀብሩ ወዲህ አጥፍታ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣዋለች። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የለቅሶው ድንኳን ሸራ ውሃ አቁሮ ተንዘርጥጧል።

«ለስለሺ ሰማዩም አለቀሰለት» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መሸሻ፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ።

የየሺ ልጅ ሄርሜላ ምላሷ አያርፍም፤ ዛሬ ግን ነከሰችው። ሰማዩ ማንን እንደሚያስለቅስ ታውቃለች።

አባቷ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የመጣ ሰው ነበር። የልጅነት ጓደኛው ጀላል ዛሬም እዚያው ያርሳል። ድሮ ወንዙ የሚሞላበት ወቅት ስለሚታወቅ በቆሎ ይዘሩ ነበር። ወንዙ አመል ሲያወጣ ቶሎ ወደሚደርስ ሰላጣና ቆስጣ ዞሩ፤ የውሃ ሞተሩንም ጎትተው ዳገት እንዲያወጡት ጎማ ገጠሙለት። መቼ እንደሚጎትቱት የሚነግራቸው ስለሺ ነበር። ከጉለሌው ቤቱ በታች አልፎ ወደ አቃቂ የሚወርደው ወንዝ ድንጋይ ማንከባለል ሲጀምር ለጀላል ይደውላል። ጎርፉ እዚያ እስኪወርድ ስልኩ ይቀድመዋል።

«አይ አባዬ፣ ደመወዝ የሌለው ሜትሮሎጂ!» ትለው ነበር ሄርሜላ።

«ሳቂ። አንቺ የምትስቂበትን ጀላል ልጆቹን ይዞ ይሮጥበታል።»

አሁን ከድንኳኑ በታች ወንዙ ውስጥ ድንጋዩ ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ጓ አለ።

«ሰማሽ? የጀላል ልጆች ይሄኔ ማሳ ውስጥ ናቸው! ቁጥሩ ደግሞ አባዬ ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«አባትሽን አፈር አልብሶ የሄደ ሰው፣ የሟች ስም ሲደውልለት አይደነግጥም?»

«ይደንግጥ! ደንግጦ ይሩጥ!»

ጋሽ መሸሻ ንፍሮውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ። የሺ ስልኩን አውጥታ ከፈተችውና ለልጇ ሰጠቻት።

ሄርሜላ ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደገመች። አሁንም ዘጋ። በሦስተኛው ተነሳ፤ ትንፋሽ ብቻ።

«ቢስሚላህ... ማነው?»

«ሄርሜላ ነኝ ጋሽ ጀላል፣ የስለሺ ልጅ። ድንጋዩ ተነስቷል! ሞተሩን ይተዉት፣ ልጆቹን ያውጡ!»

«ስሙን ሳየው እኮ...» አለ ጀላል። ወዲያው ድምፁ ራቀ፤ የልጆቹን ስም እየጠራ ሲጮህ ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

መልሳ ሞከረች። አይጠራም። ከታች ድንጋዩ ድንጋይ ይመታል።

«ሲወጡ ይደውላል» አለች ሄርሜላ።

የሺ ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደች። በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችው፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ተነስታ የድንኳኑን አምፖል ከሶኬቱ ነቀለችና፣ ደመናው ባጨለመው ድንኳን ውስጥ በዳበሳ የባሏን ቻርጀር ሰካች።