ያየ ሰው አምጡልኝ

ራቢያ ከጠዋት ጀምራ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያየ ሰው። በዚያ እሑድ ግን ወገዳ ከተማ ውስጥ የሰማ እንጂ ያየ ሰው አልተገኘም። ባሏ ታሂር የሚሸጠውን ልብስ በአህያ ጭኖ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም፤ ቅዳሜ ማታ መግባት ነበረበት። መንገድ ላይ ተኩስ ነበር ተባለ። የዚያ አገር ስልክ ደግሞ፣ ሲፈልጉት መቼ ሠርቶ ያውቃል!

ረፋዱ ላይ ቤቷ በሰው ተሞላ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ቻላቸውና የታሂር ታናሽ ወንድም ነቢል ደግሞ ስልክ ስልካቸውን ይዘው ይሟገታሉ። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በሰው ሐዘን ላይ እንኳ አፍ ይያዛል!

«አሸባሪዎቹ ናቸው የገደሉት» አለ ነቢል። «ይኸው፣ ‹ንጹሑ ነጋዴ ታሂር በአሸባሪው ኃይል ተገደለ› ይላል።»

«አሸባሪስ ያንተው ወገን ነው» አለ ቻላቸው። «የኔው ዜና ጣቢያ እንኳ...» ብሎ ዋጥ አደረገው።

«ምን ይላል የአንተው ጣቢያ?» አለች ራቢያ።

«ተይው እቴ።»

«ተናገር!»

«‹የአሸባሪው ቡድን ስንቅ አቀባይ ታሂር ተደመሰሰ› ይላል። ወላዲተ አምላክን፣ እኔ አላልኩም! ስንቅ አቀባይ ያሉት ስሕተት ይሆናል። መሞቱ ግን የተረጋገጠ ነው።»

ራቢያ ደሟ ፈላ። ታሂርን! የሰው ጠብ ሲያይ በሌላ መንገድ የሚዞረውን ሰውዬ!

«ግማሹ ውሸት ከሆነ ግማሹን በምን አበጠርከው? በሰፌድ?»

ቻላቸው ግን ስልኩን አላስቀመጠም። ይሄ ሰው ሱሪ ሲሰፋ አንዱን ወገብ ደጋግሞ ካልለካ መቀሱን አያነሳም፤ ወሬ ሲሆን ግን እንደመጣለት ነው የሚለብሰው።

ሐጂ ዘከሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የከተማው እስላም ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ሁለት ጠላቶች በአንድ ነገር ከተስማሙ ምን ይባላል? ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ሰላተል ጋኢብ እንስገድለት። አንቺም ዒዳሽን ያዢ።»

ሬሳው በሌለበት ሊሰግዱበት ነው። እሷም ባል እንደሞተባት ሴት ቤቷን ዘግታ ልትቀመጥ ነው። በምን? በስልክ!

«ሐጂ፣ አክባሪዎ ነኝ» አለች። «እርስዎ የረመዳንን ጨረቃ እንኳ ‹ያየ ይምጣ› ብለው በምስክር አይደል የሚቀበሉ? የኔ ባል ከጨረቃ ያንሳል? እኔ በፌስቡክ መበለት አልሆንም!»

ከዚያ ሁለቱንም ስልኮች ነጥቃ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። በሁለቱም ላይ ያው የታሂር ፎቶ ነው፤ በዒድ ቀን የተነሣው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ። ከጎኑ የተቆረጠ ሰው ትከሻ ይታያል።

«ነቢል፣ ይቺ ትከሻ የማናት?»

ነቢል አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «የኔ ናት።»

«ከየት አገኟት?»

«እኔ... ትናንት ማታ ለጥፌ ነበር። ‹ነጋዴው ወንድሜ ታሂር ከአርብ ገበያ አልተመለሰም፤ ያያችሁ ንገሩኝ› ብዬ።»

«አንተ የጠየቅከውን ነዋ መልስ አድርገው የመለሱልህ! አንዱ ሰማዕት አደረገው፣ አንዱ ሽፍታ፤ ፎቶው ግን ከዚሁ ከቤቴ የወጣ! አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ታምናለህ!»

ቤቱ ተንጫጫ። ሐጂ ዘከሪያ «አስተግፊሩላህ» አሉና ሶላቱ ይቅር አሉ። ነቢል በእፍረትም በደስታም አለቀሰ። ሴቶቹ ቀና ቀና አሉ፤ አንዷማ «ቻላቸው፣ አንተን ብሎ ዜና አንባቢ!» ብላ አሳቀቻቸው። ራቢያም ታሂር ሲመጣ ምን ይበላል ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከጓዳ ስትመለስ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ ኪዳን በሩ ላይ ቆማለች። ከአርብ ገበያ በእግሯ መምጣቷ ነው፤ እስከ ጉልበቷ አቧራ ሆናለች። ሰው መሰብሰቡን አይታ «ሰምታችኋላ» አለች።

«ምኑን?» አለ ነቢል።

ኪዳን ራቢያን አየቻት፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «ትናንት አብረን ነበርን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጥይት መጣ። ታሂርን ሆዱ ላይ መታው።»

«ማን ተኮሰ?» አለ ነቢል።

«አላየሁም። ከማዶ ነው የመጣው።»

«መለዮ ለባሾች ናቸው?» አለ ቻላቸው፤ ስልኩን አንስቶ ሊቀርጻት ነው።

«አላየሁም አልኩህ።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«የሌላውን አላውቅም። እኔ ያየሁት እሱን ነው። ውሃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፤ አልወርድለት አለ። እስኪያልፍ ድረስ ራሱን ታቅፌ ቆየሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ መረጃ ነው?» አለ ቻላቸው ተናዶ። «ማን እንደገደለው እንኳ አታውቅም!»

ራቢያ አልሰማችውም። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ «አላውቅም» ያለ ሰው ኪዳን ብቻ ናት። ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቡናማ ደም ደርቋል።

ራቢያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሐጂ» አለች። «ይስገዱለት።»